ደማቸው ዝቅ ብሎ ደም አልሰጧቸውም፤ ተስፋ ቆርጠውባቸው ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡ 6 ቀናቸው፤ በማሽን ነው የሚተነፍሱት። ሄሞግሎቢናቸው (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) 7.8 ነው ሲሉን እኔና ወንድሞቼ ደም ልንሰጥ ተዘጋጀን። ሐኪሞቹ ግን «አሁን አያስፈልጋቸውም» አሉን። ኦክስጅኑንም ቀነሱት። ጨጓራ አሟቸው አያውቅም፣ ግን በየቀኑ የጨጓራ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጧቸዋል። ችላ ብለዋቸው ይሆን?

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎት። ስድስት ቀን በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። አባትዎን ሳልመረምር ስለ ሕክምናቸው መፍረድ አልችልም፤ የጻፉልኝ ሦስት ነገሮች ግን አንዳቸውም የችላ ማለት ምልክት አይደሉም።

ከደሙ ልጀምር። ድሮ እኛ ሐኪሞችም እንደ እርስዎ ነበር የምናስበው። ሄሞግሎቢን ከ10 በታች ሲወርድ ደም እንሰጥ ነበር፤ ደም ሕይወት ነው፣ ቢጨመር ምን ይጎዳል ብለን። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት ግን 838 ጽኑ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን ከ10 በታች ሲወርዱ፣ ለሌላኛው ደግሞ ከ7 በታች ሲወርዱ ብቻ ደም እንዲሰጥ አደረገ። ብዙ ደም ያገኙት የተሻለ አልዳኑም። እንዲያውም ከእነሱ ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት 28 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከ7 በታች ሲወርዱ ብቻ ከተሰጣቸው ወገን ግን 22 በመቶ ገደማ ነበሩ። ደም መስጠት የራሱ ጣጣ አለው። ፈሳሹ ሳንባ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል፣ አልፎ አልፎም ሳንባውን ራሱን ያስቆጣዋል፤ የአባትዎ ሕመም ደግሞ እዚያው ሳንባቸው ላይ ነው። ስለዚህ 7.8 ላይ መታገሣቸው አያስደንቀኝም።

ግን ይህ ለሁሉም ሰው አይሠራም። እየደማ ላለ ሰው ቁጥር ተይዞ አይጠበቅም። በቅርብ ሃርት አታክ ለገጠመው ሰውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ከፍ ያለ ደረጃ ይመረጣል። አባትዎ የልብ ሕመም ካለባቸው ሐኪሞቹ ማወቃቸውን ዛሬውኑ ያረጋግጡ፤ በካርዱ ላይ አለ ብለው አይተዉት፣ በአፍዎ ይንገሯቸው።

ኦክስጅኑስ? የደም ኦክስጅን መለኪያው ላይ 100 በመቶ ማየት ልብ ያሳርፋል፣ ግን በማሽን ለሚተነፍስ ሰው ግቡ 100 አይደለም። ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን ራሱ ሳንባን ይጎዳል። መለኪያው ከ92 እስከ 96 አካባቢ ከረጋ ለአብዛኛው ታካሚ በቂ ነው። መጠኑ ተቀንሶም ቁጥሩ ካልወረደ፣ ይሄ ጥሩ ዜና ነው፦ ሳንባቸው ሥራውን እየመለሰ ነው ማለት ነው።

የጨጓራ መድኃኒቱ የሚሰጠው ጨጓራ ስላለባቸው አይደለም። ሰውነት እንዲህ ሲጨነቅ ወደ ሆድ ዕቃ የሚሄደው ደም ይቀንስና የጨጓራ ግድግዳ ሊቆስል፣ ሊደማም ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ በማሽን የሚተነፍሱ ከ4,800 በላይ ሕሙማን ግማሾቹ ፓንቶፕራዞል የሚባል የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ተሰጣቸው። ከባድ የሆድ ዕቃ መድማት መድኃኒቱን ካላገኙት 3.5 በመቶ ላይ፣ ካገኙት ግን 1 በመቶ ላይ ታየ። የሞት ቁጥሩን ግን ያን ያህል አልለወጠውም። መድማትን ይከላከላል እንጂ ሕመሙን አያድንም። እናም ከማሽን ሲላቀቁ መቆም እንዳለበት ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው ማንም አቁም ሳይለው ቤቱ ይዞት ገብቶ ለዓመታት ይውጠዋል፣ ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል።

እኔ ብሆን ሐኪሞቹን በየቀኑ ሁለት ነገር እጠይቅ ነበር። የሚያስተኛቸውን መድኃኒት ዛሬ መቀነስ ይቻላል? በራሳቸው መተንፈስ ይችሉ እንደሆነስ ተሞክሯል? እነዚህን ሁለቱን በየቀኑ አብሮ መሞከር ከማሽን ቶሎ ለመላቀቅ ይረዳል። አይፍሩ፣ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ሲነቁ ሊቃዡ፣ ሊያመናጭቁዎትም ይችላሉ። እዚያ ክፍል በጣም የተለመደ ነው፣ አይደንግጡ። መነጽር ወይም ለመስማት የሚረዳ የጆሮ መሣሪያ ካላቸው ይዘውላቸው ይግቡ። ስምዎንና ቀኑን እየነገሩ፣ የት እንዳሉም እያስታወሱ ያውሯቸው፤ ዓይናቸው ተከድኖም ቢሆን።