«ጋዝ የሞላው ጠጣር» ይባላል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂው ፊዚክስ ያስተምራሉ። ለተማሪዎቻቸው የጂያንት4 መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጁ ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «‹ሶሊድ› የሚለውን በየቦታው ‹ጠጣር› አልኩት። አርጎን የሚሞላበት ሳጥን ላይ ስደርስ ‹ጋዝ የሞላው ጠጣር› ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቼ ሳቁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ቃሉ? ‹ቮልዩም›ንስ ‹ይዘት› ብለው ያስኬዳል?»

መምህር፣ ጥፋቱ የቃሉ ነው። የተማሪዎችዎ ጆሮ ግን ደህና ነው። ይህ ጉዳይ እኔንም ለዓመታት ሲከነክነኝ ስለኖረ ትንሽ ላስረዝመው።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ጂያንት4 ቅንጣቶች በቁስ ውስጥ ሲያልፉ የሚገጥማቸውን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ለተጠቃሚ የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ውስጥ ላሉ መመርመሪያዎችም፣ ለጨረር ሕክምናም ያገለግላል። ስሙ የተገጣጠመው «ጂኦሜትሪ» እና «ትራኪንግ» ከሚሉት ቃላት ነው። ጂኦሜትሪው በሦስት ደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ ሶሊዱ ይመጣል፤ እሱ ቅርጽና ልክ ብቻ ነው። ቀጥሎ ሎጂካል ቮልዩም ይሆንና ከምን እንደተሠራ ይነገረዋል። መጨረሻ ላይ ፊዚካል ቮልዩም ሆኖ ቦታ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ሶሊዱ ሲፈጠር ቁስ የሚባል ነገር ገና የለም። እርሳስ ይሁን አየር አልተወሰነም። የሁሉ ማቀፊያ የሆነው ትልቁ ሳጥን እንኳ፣ ፕሮግራሙ «ዓለም» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ አየር ወይም ባዶ ቦታ ነው የሚሞላው። በእርስዎ ቃል ከሄድን «ባዶ ጠጣር» ልንል ነው።

ጠጣር ከፈሳሽና ከጋዝ ጎን የሚቆም ቃል ነው። ገመዱ ጠጠረ እንላለን። ጠጠር ያለ ጥያቄ እንላለን። እግር የሚወጋው ጠጠርም የዚሁ ቤት ልጅ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉም እጅ ሲነካው እምቢ የሚለውን ነገር ነው የሚናገሩት። ቅርጽ ግን በእጅ አይነካም።

ታዲያ ፈረንጆቹ ለምን ሶሊድ አሉት? ሥሩ ላቲን ነው፣ «ሶሊዱስ»። የቆየ ትርጉሙ «ሙሉ፣ ያልተከፈለ» ነው። ቆስጠንጢኖስ ያስመታው የወርቅ ሳንቲምም ስሙ ሶሊዱስ ነበር። ይህን ሳነብ «ድፍን ብር» ትዝ አለኝ። ያልተዘረዘረ፣ ያልተሸረፈ ብር! እነሱ በሶሊዱስ ያሉትን እኛ በድፍን ስንል ኖረናል።

ስለዚህ የእኔ መልስ «ድፍን» ነው። ድፍን ምስር ያልተከካ ምስር ነው። ድፍን ዓመት ያልጎደለ ዓመት ነው። በግዕዝ ደፈነ ማለት ቀበረ፣ ሸሸገ ማለት ነው፤ ዐረብኛውም ለመቅበር ይኸንኑ ቃል ይጠቀማል። አማርኛ ወስዶ ቀዳዳ መዝጋት አደረገው። ዙሪያው የተዘጋ፣ ውስጡ ከውጭው የተለየ ነገር ድፍን ነው።

«ድፍን ማለት ውስጡ ክፍት ያልሆነ ነው፤ ታዲያ ቱቦ እንዴት ድፍን ይባላል?» የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መልሴ ቅል ነው። ልጅ ሆኜ መንዝ፣ አያቴ ቤት፣ ከቆላ የመጣ ቅል ነበር። አፉ ገና አልተከፈተም። ስንነቀንቀው ውስጡ ፍሬው ይንኳኳል። ውስጡ ክፍት መሆኑን ጆሯችን እየሰማ አያቴ «ድፍን ቅል ነው፣ አትስበሩት» ትል ነበር። ድፍንነት የዙሪያው ነገር እንጂ የሆዱ አይደለም። እርግጥ ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ብስ ነው። «ድፍን ቱቦ» ስል የእኔም ጆሮ ቅር ይለዋል። ቢሆንም አልለቀውም፤ የቱቦው ግድግዳ ራሱ ዙሪያው ዝግ ነውና።

በኮምፒውተር የታገዘ ንድፍ የሚሠሩትማ ከሁሉ በላይ ይረዱኛል። ፍሪካድን በመሰለ ፕሮግራም ላይ ስድስት ገጽ ያለው ሳጥን አንዱ ገጽ ቢጎድል ሶሊድ አይባልም። ቅርፊት ብቻ ነው። ያን ንድፍ ወደ ጂያንት4 ለማምጣት ብዙ ጊዜ ገጹ ወደ ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይሸነሸናል። በመካከላቸው ክፍተት ከቀረ ፕሮግራሙ ቅንጣቷ ውስጥ ትሁን ውጭ መለየት ያቅተዋል። ያኔ ለተማሪው ምን ይሉታል? «ክፍተቱን ድፈነው» ነዋ! ቃሉ ግሱን ይዞ ነው የመጣው። ከጠጣር ግን «አጠጥረው» ነው የሚወጣው፤ ምን ሊረባ!

ሌሎች ደግሞ ከግዕዝ «ጽኑዕ አካል» እናውጣ ይላሉ። ግዕዝን የምወድ ሰው ነኝ። ነገር ግን ጽኑዕም ብርቱ ነው፤ ወደዚያው ወደ ጥንካሬ ይመልሰናል።

«ይዘት» ላይ አጭር እሆናለሁ። ይዘት ልክ ነው፣ በሊትር የሚነገር። የጂያንት4 ቮልዩም ግን ራሱ ዕቃው ነው። «የይዘቱ ይዘት ስንት ነው?» ልንል እንዴ? እኔ «ቋት» እላለሁ። ከወፍጮ ሥር ዱቄት የሚጠራቀምበት ቋት ዛሬ «የመረጃ ቋት» ሆኖ ማንም አይደነግጥበትም። ያቀፈው እናት ቋት፣ የታቀፈው ልጅ ቋት። ልጅ ከእናቷ ወጣ ማለት የለባትም፤ እህትማማቾቹም አይደራረቡም። ልጅ ባለችበት ቦታ የእናት ቁስ ይለቅላታል። ሎጂካሉን «ባለቁስ ቋት»፣ ፊዚካሉን «የተቀመጠ ቋት» ይበሉት።

የሚታየኝን ግን አልደብቅም። የትምህርት ቤት የሒሳብ ትምህርት «ጠጣር» ብሎ ለምዷል፤ ያን ነቅሎ መጣል ከባድ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለውም ወጣት «ሶሊዱን ሠርተህ ማቴሪያል ስጠው» ነው የሚለው። ደስ አይለኝም፤ ግን ይግባባበታል፣ ሥራውም ይሄዳል። በመመሪያዎ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ «ድፍን፣ ማለትም ሶሊድ» ብለው ይጻፉ። ከዚያ ወዲያ ድፍን ብቻ።

ያቺ ያሳቀች ዓረፍተ ነገርዎም እንዲህ ትሁን፦ «የሳጥን ድፍን ሥሩ፤ ቁሱን አርጎን አድርጉ፤ ከዚያ እናት ቋቱ ውስጥ አስቀምጡት።»