ስለ ወንድምሽ ልብና ስለ ጾሙ

እህቴ፣ «ወንድሜ የልብ ጡንቻው በቫይረስ ተቆጥቷል ተባለ፤ ጾም ኦቶፋጂ ያነሳሳል ይላሉና ረጅም ጾም ቢይዝ ይሻለዋል ወይ» ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ እንዳይሞክረው! የኔንም ታናሽ ወንድም እዚሁ ደሴ ይኸው በሽታ ይዞት ነበር።

1. ኦቶፋጂ ሴል የተበላሸ ነገሩን በከረጢት ሰብስቦ የሚፈጭበት መንገድ ነው፤ ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል የተሸለመበት። ቲክቶከሮቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ልብ ከሚያጠቁት ቫይረሶች አንዱ ኮክሳኪ ቢ3 ግን ተንኮለኛ ነው፤ ያንኑ ከረጢት መራቢያው ያደርገዋል፣ ወደ መፍጫው እንዳይደርስም መንገዱን ይዘጋል። ታዲያ ጾሙ ለማን እንደሚያግዝ በምን ታውቂያለሽ? ኦቶፋጂን በማነሳሳትም ሆነ በመግታት ይህን በሽታ እንዲያክም የተፈቀደ መድኃኒት እስካሁን የለም።

2. ዲክሎና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎችም ያለ ሐኪም አይውሰድ፤ ውኃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ የደከመ ልብ ደግሞ ያንን አይችልም። የኔው ወንድም ከሰኞ ገበያ ሲመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሰው ደጃፍ ቁጭ አለ፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ወስጄው ካርድ ክፍል ስንደርስ ልጅቷ ቀና ሳትል «ወጣት አይደል? ጨጓራ ነው፤ ነገ ኑ» አለችን። ካርድ አውጪ ሆና ምርመራውንም ጨረሰችው! ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሳይነሳ ንቅንቅ አልልም ብዬ መስኮቱን ይዤ ቆምኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሰደበኝ። ይስደበኝ። ሐኪሙ ኢሲጂውን እንዳየ ነው ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ያዘዘልን፣ ኢኮም (የልብ አልትራሳውንድ) በዚያው ተነሳ።

ከሁሉ የጎዳን ግን ጎረቤት ነው። ኤናላፕሪል የሚባለውን የልብ መድኃኒትና ሽንት የሚያስወጣውን ፉሮሰማይድ ጀምሮ እየተሻለው ሳለ አንዱ «ልብህን በጾም እጠበው» አለው። ከኛ ደብቆ ያለ ውኃ ዋለ። ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ወስዶ ውኃ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ አስቢው፤ ግፊቱ ወርዶ ደጃችን ላይ ተዘረረ። የሃይማኖት ጾም ካሳሰባችሁ ሼሁንም ቄሱንም ጠይቁ፤ ለታመመ ይፈቅዳሉ።

3. ኳስ፣ ሩጫ፣ ሸክም ከ3 እስከ 6 ወር የለም፤ ከዚያም ተመርምሮ ነው። «ተሽሎኛል» ሲልሽ አትመኚው። የኔው ኮምቦልቻ ግጥሚያ አለ ብሎ ታኬታውን በፌስታል ሸሽጎ ሊወጣ ሲል መነኻሪያ ላይ ደርሼ ነው የመለስኩት።