ስሙን ሲጠሩት የማይዞር ልጅ፦ ከደሴ ለጠየቅሽው እህቴ

አብሽሪ እህቴ። «ልጄ 3 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ አይናገርም፤ ስጠራው አይዞርም፤ አማቴ አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው ትለኛለች፤ የት ላስመርምረው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ምልክቱ የኦቲዝም (ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ የሚለይ የአእምሮ እድገት ሁኔታ) ሊሆን ስለሚችል መጠየቅሽ ተገቢ ነው። እኔም ኮምቦልቻ ሆኜ ይህንኑ እየተባልኩ ነው ስምንት ወር ያቃጠልኩት። የመጀመሪያው ሐኪም እንኳ ልጁን ቀና ብሎ ሳያየው «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ብሎ ሸኝቶኛል።

ከሁሉ በፊት ጆሮውን አስመርምሪ። እኔ «ይሰማል» ብዬ እከራከር ነበር፤ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ከጓዳ ሮጦ ይመጣላ! ነገር ግን አንዱን ድምፅ የሚሰማ ልጅ ሌላውን ላይሰማ ይችላል፤ የመስማት ችግር ደግሞ ከውጭ ሲያዩት ኦቲዝም ሊመስል ይችላል።

ከዚያ ደሴ ሪፈራል ሕፃናት ክፍል ጀምሪና ወደ አእምሮ ሕክምናው እንዲልኩሽ ጠይቂ። እኛ በሪፈር ወረቀት አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ደረስን። ደም ይወስዳሉ፣ ራጅ ያነሳሉ ብዬ ነበር፤ ኦቲዝምን ለይቶ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ምርመራ የለም። ሥራው ወላጅን መጠየቅና ልጁን ማየት ነው። ሐኪሟ «የሚፈልገውን በጣቱ ያመለክታል?» አለችኝ። «ማመልከት ምን አስፈለገው? እጄን ይዞ ወስዶ ዕቃው ላይ ያሳርፈዋል እንጂ» አልኳት በኩራት። ዝም ብላ ጻፈች። ብልጠቱ ነው ብዬ ለጎረቤት የማወራው ነገር፣ ለካ ከሚፈልጓቸው ምልክቶች አንዱ ነበር።

400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ የተንገላታ ልጅ ሐኪም ፊት ይተኛል፤ የእኔው ተኝቷል። ያዳነን ስልኬ ላይ የነበረው ቪዲዮ ነው፦ እናቴ ቡና ስታፈላ ሲኒዎቹን ከረከቦቱ እያወረደ ወለሉ ላይ በመስመር ሲደረድር፣ አንዷን ሲነኩበት ሲጮኽ። አንቺም ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ስሙ ሲጠራ እየቀረጽሽ ያዢ። የክትባት ካርዱን አትርሺ። እንደተወለደ አልቅሶ እንደሆነ፣ አንቀጥቅጦት ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁሻል።

ጆይ ማዕከል ሂጂ የሚልሽ አይጠፋም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት፣ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ትምህርትና ድጋፍ የሚሰጥ አዲስ አበባ ያለ ቦታ ነው፤ ምርመራውን ግን ከሆስፒታል ጀምሪ።

ዱዓውንም ጠበሉንም ተይ አልልሽም፤ እኛ ቤት ሁለቱም ተሞክሯል፣ የወሎ ቤት አይደል! ቀጠሮውን ብቻ እንዳያስረሳሽ።

የምርመራውን ውጤት እስክትሰሚ ደግሞ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። ውሃ ሲፈልግ ብርጭቆውን ይዘሽ ፊት ለፊቱ ቁጭ በይ፤ «ውሃ» በይው፤ ትንሽ ጠብቂው፤ ከዚያ ስጪው። የእኔ ልጅ በ5 ዓመቱ ያወጣት የመጀመሪያ ቃል «ውዋ» ናት።

ከጥያቄሽ አንድ ነገር ቀርቷል። ቀድሞ የሚላቸው ቃላት ኖረው ጠፍተውበታል? ጠፍተው ከሆነ ነገውኑ ሕፃናት ክፍል ሂጂና ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን ንገሪያቸው።