የሂል ኤንድ የፈረሱ ሱቆች፦ ጥያቄና መልስ

በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ስላለችው ስለ ሂል ኤንድ የወርቅ መንደር ለጠየቃችሁኝ የምመልሰው ይህ ነው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወርቁ ወጥቶ አልቋል። የባለሱቅ ፍርስራሽ ምን ቁም ነገር አለው?

መልስ፦ ጉድጓዱ ወርቅ እንደነበረ ይመሰክራል፤ ሰው እንዴት እንደኖረ የሚመሰክረው ሱቁ ነው። ባለሱቁ ዱቄት፣ ሻይና አካፋ ይሸጣል፣ ወርቅ እየመዘነ ይገዛል፣ እጁ ላጠረው ቆፋሪ በዱቤ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ቤተሰቡም ከሱቁ ጀርባ ይኖር ስለነበር ንግዱና ጓዳው በአንድ መሠረት ላይ ይገኛሉ። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህንን ነው። ሴቶችና ሕፃናት በማዕድን መዝገብ እምብዛም አይጠቀሱም፤ በጓሮው አፈር ውስጥ ግን የልብስ ቁልፋቸው፣ የተሰበረ ሳህናቸውና መጫወቻቸው ሊገኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቤቶቹ የት ሄዱ?

መልስ፦ ወርቁ ሲመነምን ሰው ለቀቀ። እንጨትና ቆርቆሮ ተነቅሎ ይወሰዳል፤ የምድጃ ድንጋይ ግን ይቀራል።

ጥያቄ፦ የትኛው ፍርስራሽ ሱቅ እንደነበረ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ሂል ኤንድ እዚህ ላይ ዕድለኛ ናት። በ1872 ቦፎይ መርሊን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ከረዳቱ ከቻርልስ ቤይሊስ ጋር ባለሱቆቹን በየደጃፋቸው አቁሞ አነሣቸው። በኋላ ሥራውን በገንዘብ የደገፈው በርንሃርት ሆልተርማን ነው፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር 286 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ወርቅ ያዘለ ድንጋይ ከወጣበት ማዕድን ባለድርሻዎች አንዱ ነበር። ሌሎች መንደሮችንም የሚያሳዩት 3,500 ያህል የመስታወት ኔጋቲቮች (ፎቶ የሚታተምባቸው መስታወቶች) በ1951 ሲድኒ ውስጥ ከአንድ የጓሮ መጋዘን ተገኙ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፎቶ ካለ ለምን መልሰው አይገነቧቸውም?

መልስ፦ ፎቶው የሚያሳየው ፊቱን ነው፤ ጓዳውን በግምት ልንሠራው ነው? በ1979 የጸደቀው የቡራ ቻርተር፣ ማለትም የአውስትራሊያ የቅርስ ጥበቃ መመሪያ፣ ዳግም ግንባታን የሚፈቅደው በቂ ማስረጃ ሲኖር ብቻ ነው። የሚያስፈልገውን ሥሩ፣ ከዚያ በላይ አትንኩ ይላል። የግድግዳውን አናት ዝናብ እንዳያሰርግ በኖራ መድፈን ይበቃል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን አፍኖ አሮጌውን ግንብ ስለሚጎዳ አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ አሮጌ ጠርሙስ ለማስታወሻ ብወስድስ?

መልስ፦ እባክህ አታድርገው። ከየትኛው ክፍልና ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ ያልተመዘገበ ጠርሙስ ስለዚያ ቤት ሊነግረን የሚችለውን አብዛኛውን ነገር ያጣል። ያለ ፈቃድ መቆፈርም በሕግ ያስጠይቃል።