ቴሴራክት በአሮጌ ኡቡንቱ ላይ ኮምፓይል አልሆን ሲል

ሰበታ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው አንባቢ የሚከተለውን ጠይቀዋል።

«ያለኝ ኮምፒውተር ባለ 32 ቢት፣ 1 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ኡቡንቱ 16.04 የተጫነበት ነው። ደንበኞች ስካን የተደረገ የአማርኛ ሰነድ እያመጡ ወደሚታረም ጽሑፍ ቀይርልን ስለሚሉኝ ምስል ላይ ያለ ጽሑፍ የሚያነበውን ፕሮግራም፣ ቴሴራክትን፣ ከሶርስ ኮዱ ልሠራው ሞከርኩ። አዲሱን 5ኛውን ሳወርድ ኮምፓይለርህ ሲ ፕላስ ፕላስ 17 አይችልም አለኝ። ወደ 4.1 ስመለስ ማሽኑን የሚፈትሸው ኮንፊገር ላይ የአጻጻፍ ስህተት አለ ብሎ ቆመ፤ መስመሩን ከፋይሉ ሰርዤ አለፍኩት። ቀጥሎ ሌፕቶኒካ የተባለው የምስል ላይብረሪ 1.74ኛው ያስፈልጋል አለ። እሱን እንደምንም ባገኝ ደግሞ ኮምፓይል የሚያደርገው ሜክ መሃል ላይ «ኪልድ» ብሎ ይቋረጣል። መብራትም በየመሃሉ ይጠፋል። ጂሊብሲን ከአዲስ ኡቡንቱ ገልብጬ ባስገባ ይፈታልኝ ይሆን?»

በመጨረሻው ጥያቄ እንጀምር፤ አደገኛው እሱ ነውና። ጂሊብሲን አይንኩት። ማሽኑ ላይ ያለው ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ፋይል ከሚዘረዝረው «ኤልኤስ» እስከ «ሱዶ» ድረስ፣ የሚነሳው በዚህ ላይብረሪ ነው። የ16.04 ጂሊብሲ 2.23 ነው። ከሌላ ሲስተም የመጣ ፋይል በላዩ ሲገለበጥ ላይብረሪውና ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ሎደር አይገጥሙም፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ኤልኤስ»ም «ሲፒ»ም «ሱዶ»ም አይከፈቱም። የድሮውን ልመልስ ቢሉ የሚመልሱበት ትእዛዝ ራሱ አይሠራም፤ የሚቀረው ከላይቭ ፍላሽ ተነስቶ መጠገን ነው። ደግሞም ከዘረዘሯቸው ስህተቶች አንዱም ከጂሊብሲ የመጣ አይደለም።

መፍትሔው ሲስተሙን ወደ ሶርሱ መጎተት ሳይሆን ሲስተሙን የሚመጥን ሶርስ መምረጥ ነው። ኡቡንቱ 16.04 የወጣው በኤፕሪል 2016 ሲሆን ኮምፓይለሩ ጂሲሲ 5.4 ነው። ጂሲሲ ሲ ፕላስ ፕላስ 17ን በወጉ የያዘው ከ7ኛው ቨርዥን ጀምሮ ነው። ቴሴራክት 5 በኖቬምበር 2021 ሲወጣ ይህንኑ ግዴታ አደረገው፤ የመጀመሪያው ስህተትዎ ይኸው ነው። ቴሴራክት 4.1.1 ግን ሲ ፕላስ ፕላስ 11 ይበቃዋል፤ ጂሲሲ 5.4 ያለ ችግር ይሠራዋል። ለአማርኛ ንባብ የሚያጡትም ነገር ትንሽ ነው፤ 4ኛውም 5ኛውም የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት የተማረ የአማርኛ ዳታ ፋይል ነው። አዲስ ጂሲሲ ከውጭ የፓኬጅ ማከማቻ መጨመር ቢቻልም በ1 ጊጋባይት ራም ላይ አዲስ ኮምፓይለር ሸክም እንጂ እርዳታ አይሆንም።

ከዚህ በታች ትእዛዞቹን የጻፍኳቸው እንደሚነበቡ ነው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ይገባሉ።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን ይመልከቱ። በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ባለ 3 ቮልቱ ሲአር2032፣ ካለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። በእጅ ሲያስተካክሉ ደግሞ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ማስገባት እጅግ የተለመደ ስህተት ነው፤ ማሽኑ ያኔ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለማሽኑ 8፡00 ነው። ቀኑ ከተዛባ ኮንፊገር አሁን የፈጠረውን ፋይል ከሶርሱ ፋይሎች ያረጀ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሰዓትህን ተመልከት ብሎም ይቆማል። ሜክ በበኩሉ «ክሎክ ስኪው ዲቴክትድ» ይልና የትኛው ፋይል መታደስ እንዳለበት ይምታታበታል። ድረ ገጾችም ሰርተፊኬታቸው ገና ሥራ ላይ አልዋለም ተብለው አይከፈቱም። «ታይምዴትሲቲኤል» ብለው ሰዓቱንና ዞኑን፣ አፍሪካ/አዲስ አበባ መሆኑን፣ ያረጋግጡ፤ ባትሪውንም ይቀይሩ።

ቀኑ ትክክል ሆኖም ሰርተፊኬት ጊዜው አልፏል የሚል ከመጣ ምክንያቱ ሌላ ነው። ብዙ ድረ ገጾች ይደገፉበት የነበረ አንድ መሠረታዊ ሰርተፊኬት ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 አብቅቷል፤ ያኔ ያልታደሰ ሲስተም እስከ ዛሬ ይሰናከልበታል። «ሲኤ-ሰርቲፊኬትስ» እና «ኦፕንኤስኤስኤል» የተባሉትን ፓኬጆች ያድሱ። ፍተሻውን አጥፍቶ ማውረድን አልመክርም።

ቀጥሎ ፓኬጆቹ። በ«ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል» የሚከተሉትን በአንድ ጊዜ ያስገቡ፦ ቢልድ-ኢሴንሻል፣ ኦቶኮንፍ፣ ኦቶሜክ፣ ሊብቱል፣ ኦቶኮንፍ-አርካይቭ፣ ፒኬጂ-ኮንፊግ፣ ሊብፒኤንጂ12-ዴቭ፣ ሊብጄፔግ8-ዴቭ፣ ሊብቲፍ5-ዴቭ፣ ዜድሊብ1ጂ-ዴቭ። መጨረሻቸው ላይ ያለውን «ዴቭ» አይዝለሉት። ላይብረሪው ራሱ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ላይ አለ፤ ኮምፓይለሩ የሚፈልጋቸው የሄደር ፋይሎች ግን የሚመጡት በ«ዴቭ» ፓኬጁ ነው። የኢንተርኔት ዳታ የሚያሳስብዎት ከሆነ ትእዛዙ ላይ «-ዲ» ይጨምሩ፤ ፓኬጆቹ ሳይጫኑ /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ያንን ፎልደር በፍላሽ ቢይዙ ሁለተኛ ማውረድ አያስፈልግም። ሶርሱን ግን ፍላሹ ላይ አይፍቱት። ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ፋት32 ስለሆነ ሲምቦሊክ ሊንክም የፋይል ፈቃድም አይዝም፤ ኮንፊገር አልነሳም ይላል። የታሸገውን ፋይል ወደ ሆም ፎልደር ገልብጠው እዚያ ይፍቱ።

አሁን ወደ ሰረዙት መስመር። ስህተቱ «-ኤምኤቪኤክስ» የሚል ቃል አጠገብ የመጣ ከሆነ የጎደለው ኦቶኮንፍ-አርካይቭ ነው። «ሌፕቶኒካ» የሚለው ቃል አጠገብ ከሆነ ደግሞ ፒኬጂ-ኮንፊግ ነው። የሆነው ይህ ነው፦ ከጊትሃብ የሚወርደው የቴሴራክት ሶርስ ኮንፊገር የሚባለውን ፋይል ይዞ አይመጣም፤ «./ኦቶጄን.ኤስኤች» ነው የሚያዘጋጀው። ሲያዘጋጅ አንዳንድ ማክሮዎችን፣ ማለትም አስቀድመው የተጻፉ የኮድ ቁርጥራጮችን፣ ከነዚህ ፓኬጆች ይወስዳል። ፓኬጁ ከሌለ ማክሮው ሳይተረጎም ጥሬው እንዳለ ይሰፍራል፤ ሼሉ እሱ ላይ ሲደርስ የማያውቀው ጽሑፍ ይሆንበታል። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ቀደም ባለው እርምጃ ነው። ፓኬጁን ካስገቡ በኋላም ኮንፊገርን ብቻ መድገም ዋጋ የለውም፤ ኦቶጄን እንደገና መሮጥ አለበት። መስመር የተሰረዘበትን ፎልደር ጨርሰው ያጥፉና ሶርሱን እንደ አዲስ ይፍቱ፤ የተዘለለ ፍተሻ በኋላ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ስህተት መስሎ ይመጣል።

ሌፕቶኒካ የጎደለብዎት የ16.04 ማከማቻ ያለው 1.73 ስለሆነ ነው። 1.74.4ን በታሸገው መልኩ ያውርዱ፤ እሱ ኮንፊገር ተዘጋጅቶለት ነው የሚመጣው። አስቀድመው የሊብሌፕቶኒካ-ዴቭን አሮጌ ፓኬጅ ያስወጡ፤ ሁለቱ ሄደሮች ከተቀላቀሉ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ስህተት ያመጣሉ። ከዚያ «./ኮንፊገር»፣ «ሜክ»፣ «ሱዶ ሜክ ኢንስቶል»፣ «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ»።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ሌፕቶኒካ የፒኤንጂና የቲፍ ላይብረሪዎችን ባያገኝም አይቆምም፤ ያለ እነሱ ተሠርቶ ያልቃል። ጉድለቱ የሚታየው ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ቴሴራክት ምስል ሲሰጡት «ፋንክሽን ኖት ፕሬዘንት» ሲል ነው። ስለዚህ ኮንፊገር እንዳለቀ «ኮንፊግ.ሎግ» የተባለውን ፋይል ይክፈቱና ፒኤንጂ፣ ጄፔግ፣ ቲፍና ዜድሊብ መገኘታቸውን ይዩ። አንዱ «ኖ» ካለ የዴቭ ፓኬጁን አስገብተው ኮንፊገርን ይድገሙ።

ቴሴራክት ላይ ሲደርሱ ተራው «./ኦቶጄን.ኤስኤች»፣ ከዚያ «./ኮንፊገር ሲኤክስኤክስፍላግስ="-ኦ2"»፣ ከዚያ «ሜክ» ነው። ሲኤክስኤክስፍላግስን በግልጽ መስጠት ያስፈለገው ያለበለዚያ ኮንፊገር የዲበግ መረጃ የሚጨምረውን «-ጂ» ከራሱ ስለሚያስገባ ነው፤ እሱ ራምም ዲስክም ይበላል። መመሪያዎች «ሜክ -ጄ4» ሲሉ ባለ 8 ጊጋባይት ማሽን እያሰቡ ነው። እርስዎ «ሜክ» ብቻ ይበሉ፤ አንድ በአንድ ይሥራ። «ሜክ ትሬኒንግ» የሚለውንም ይተዉት፤ ለንባብ አያስፈልግም፤ ተጨማሪ ላይብረሪ ብቻ ይጠይቃል።

«ኪልድ» የሚለው የኮዱ ስህተት አይደለም። ራም ሲያልቅ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ብዙ የያዘውን ፕሮግራም ይገድላል፤ እዚህ የተገደለው ኮምፓይለሩ ነው። ለማረጋገጥ «ዲሜሴጅ» ብለው መጨረሻውን ያንብቡ፤ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ያገኛሉ። መድኃኒቱ ስዋፕ፣ ማለትም ራም ሲያንስ በራም ፋንታ የሚያገለግል የዲስክ ቦታ፣ ነው። «ዲኤፍ -ኤች» ብለው ከ4 ጊጋባይት ያላነሰ ባዶ ቦታ እንዳለ ካዩ በኋላ «ሱዶ ዲዲ አይኤፍ=/ዴቭ/ዜሮ ኦኤፍ=/ስዋፕፋይል ቢኤስ=1ኤም ካውንት=2048» ይበሉ፤ 2 ጊጋባይት ፋይል ይፈጠራል። ቀጥሎ በ/ስዋፕፋይል ላይ በተራ «ሱዶ ሲኤችሞድ 600»፣ «ሱዶ ኤምኬስዋፕ»፣ «ሱዶ ስዋፕኦን»። «ፍሪ -ኤም» ሲሉ የስዋፑ መጠን ጨምሮ መታየት አለበት። «ኦኤፍ» የሚለውን ቦታ ሁለት ጊዜ አንብበው ይጫኑ፤ የዲስክ ስም ከገባበት ዲስኩ ይጠፋል። ዴስክቶፑ ራሱ ብዙ ራም ስለሚይዝ የተከፈተ ሥራዎን አስቀምጠው በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ1 ወደ ጽሑፍ ገጹ ይሂዱ፤ «ሱዶ ሰርቪስ ላይትዲኤም ስቶፕ» ካሉ በኋላ እዚያው ኮምፓይል ያድርጉ። ሲያልቅ በ«ስታርት» ይመልሱታል።

አንድ ነገር ይለዩልኝ። «ኪልድ» ሳይሆን «ሴግመንቴሽን ፎልት» ካለ፣ ያውም በየጊዜው የተለያየ ፋይል ላይ ከሆነ፣ ስዋፕ አይረዳም። አንድ ዓይነት ኮድ ላይ የተለያየ ቦታ የሚወድቅ ኮምፓይለር ራሙ ወይም ሙቀቱ ችግር እንዳለበት ያመለክታል። የፕሮሰሰሩ ፋን አቧራ ዘግቶት እንደሆነ ያጽዱ፤ የራም ካርዱን አውጥተው መልሰው ያስገቡ፤ ከግረብ ሜኑ ላይ ሜምቴስት86+ን መርጠው ሌሊቱን ያሳድሩት። አንድ ቀይ መስመር እንኳ ከታየ ያ ራም ይቀየር።

የመብራቱ ነገር ብዙ ሰው የማያስተውለው ጉዳት አለው። ፕሮግራሙን በኮንትሮል ሲ ሲያቋርጡት ሜክ ጅምሩን ፋይል ያጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ ግን የማጥፋት ዕድል አያገኝም። ፋይሉ ዲስኩ ላይ ተመዝግቦ ይዘቱ ግን ገና አልሰፈረም፤ ይዘቱ እስኪሰፍር ግማሽ ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲመጣ መጠናቸው 0 የሆነ የኦብጀክት ፋይሎች፣ ማለትም ኮምፓይለሩ የሚያወጣቸው፣ ይገኛሉ። ሜክ የሚያየው ቀናቸውን ብቻ ነው፤ አዲስ ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። መጨረሻ ላይ እነሱን የሚያገጣጥመው ሊንከር «ፋይል ትራንኬትድ» ብሎ ይወድቃል፤ ሊብቱልም ትክክለኛ ፋይል አይደለም ሊል ይችላል። መብራት ከተመለሰ በኋላ ሜክን ከማስቀጠልዎ በፊት የቴሴራክት ፎልደር ውስጥ ሆነው «ፋይንድ . -ኔም "*.ኦ" -ሳይዝ 0 -ዲሊት» ይበሉ፤ በ«"*.ኤልኦ"»ም ይድገሙት። ሜክ የጠፉትን ብቻ እንደገና ይሠራል። «ሚሲንግ ሴፓሬተር» የሚል ከመጣ ግን የተበላሸው የጥገኝነት መዝገቡ ነው፤ እሱን መጠጋገን ጊዜ ማባከን ስለሆነ ፎልደሩን አጥፍተው ከኦቶጄን ይጀምሩ። ሌፕቶኒካ ቀድሞ ስለተጫነ እሱን መድገም የለብዎትም። ስዋፑ መብራት ሲጠፋ እንደጠፋ ይቀራል፤ «ሱዶ ስዋፕኦን /ስዋፕፋይል» ማለትን አይርሱ።

«ሱዶ ሜክ ኢንስቶል» እና «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» ካለቁ በኋላ «ቴሴራክት --ቨርዥን» ይበሉ። 4.1.1፣ ከሥሩ ሌፕቶኒካ 1.74.4፣ ቀጥሎም የጄፔግ፣ የፒኤንጂ፣ የቲፍና የዜድሊብ ስሞች በአንድ መስመር መታየት አለባቸው። ሌፕቶኒካ 1.73 ብሎ ከመጣ አሮጌው ላይብረሪ ቀድሞ እየተነሳ ነው፤ «ኤልዲዲ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን/ቴሴራክት» ከየት እንደሚያነሳ ያሳይዎታል። ቀድሞ በአፕት የተጫነ ቴሴራክት ካለ እሱንና ሊብሌፕት5ን ያስወጡ።

የአማርኛው ዳታ ስሙ «ኤኤምኤች.ትሬንድዳታ» ነው። ከሦስቱ የቴሴራክት ማከማቻዎች «ቴስዳታ_ፋስት» የሚባለውን ይምረጡ፤ ለደካማ ማሽን የተሻለው እሱ ነው። /ዩኤስአር/ሎካል/ሼር/ቴስዳታ ውስጥ ያስቀምጡት። የእንግሊዝኛውንም «ኢኤንጂ.ትሬንድዳታ» አብረው ያውርዱ፤ ደብዳቤዎች ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ስለሚደባለቁ «-ኤል ኤኤምኤች+ኢኤንጂ» ብለው ያስነብባሉ።

ቴሴራክት ፒዲኤፍ በቀጥታ አያነብም። «ፖፕለር-ዩቲልስ» ፓኬጅ ውስጥ ባለው «ፒዲኤፍቱፒፒኤም» በ«-አር 300 -ግሬይ -ፒኤንጂ» ወደ ምስል ይቀይሩት። ብዙ ገጽ ያለው ሰነድ ከሆነ በ«-ኤፍ» መነሻውን፣ በ«-ኤል» መድረሻውን ገጽ እየሰጡ አሥር አሥሩን ይውሰዱ። ቴሴራክት ከአንድ በላይ ክር (ትሬድ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ለመክፈት ስለሚሞክር በአሮጌ ፕሮሰሰር ላይ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፤ ከትእዛዙ ፊት «ኦኤምፒ_ትሬድ_ሊሚት=1» ይጻፉ።