በአንድ ወር 18፣ በቀረው ዓመት 12፦ ሲቀናው የሚያዘንብ አጥቂ ከእነማን ጋር ይሰለፍ? (ጥያቄና መልስ)

የሆኪ ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከመጣው አብዛኛው በአንድ ነገር ዙሪያ የሚዞር ሆኖ አገኘሁት። ሲቀናው በላይ በላዩ የሚያገባ፣ ሲደርቅበት ደግሞ ወር ሙሉ ድምፁ የሚጠፋ አጥቂ አጠገቡ ማን ይሁን? ምሳሌዬ ፊንላንዳዊው ፓትሪክ ላይኔ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሆኪ ገና መጀመሬ ነው። ላይን የምትሉት ምንድነው?

በረዶው ላይ ከበረኛው ሌላ አምስት ሰው አለ። ሁለቱ ተከላካይ፣ ሦስቱ አጥቂ። ሦስቱ አጥቂዎች አንድ ላይን ይባላሉ፤ መሃል ሴንተር፣ ግራና ቀኝ ዊንገር። አንድ ቡድን አራት ላይን ይይዛል። እያንዳንዱ ገብቶ 45 ሰከንድ ገደማ ይጫወትና ይወጣል፤ ሌላው ይተካዋል። እግር ኳስ ላይ ከአስር ሰው ጋር ትጫወታለህ። እዚህ ግን አጥቂ ከሆንክ ኑሮህ ከሁለት ሰው ጋር ነው። እነሱ ካልተስማሙህ አለቀልህ።

ጥያቄ፦ ላይኔ እውነት ያን ያህል ወጣ ገባ ነበር ወይስ ስም ወጥቶበት ነው?

ወጣ ገባ ሲያንሰው ነው። የካናዳው ቡድን ዊኒፔግ ጄትስ በ2016 ድራፍት (ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) በ2ኛ ተራ መረጠው። በመጀመሪያ ዓመቱ 36 ጎል፣ በ2017-18 ደግሞ 44 አገባ። በ2018-19 ወደ 30 ወረደ። ከ30ው ውስጥ 18ቱ በኖቬምበር ወር ብቻ የገቡ ናቸው። ኖቬምበር 24 ቀን ሴንት ሉዊስ ላይ አምስት ጊዜ መትቶ አምስቱንም አገባ። በቀሩት ወራት በሙሉ ግን 12 ብቻ።

አሁን ልብ በሉ። በሁለቱም ዓመታት የመታው ምት ወደ 240 ገደማ ነው። 44 ያገባ ጊዜም 240፣ 30 ያገባ ጊዜም 240። ሰውየው መምታት አላቆመም። ፓኩ (እንደ ኳስ የሚመታው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) ነው የጎሉን ብረት መምታትና የበረኛ ጓንት ውስጥ መግባት የጀመረው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ዕድል ከሆነማ ጓደኞቹ ምን አገባቸው?

ምቱ ጎል መሆን አለመሆኑ ላይ ዕድል አለበት። ምቱ ከየት ቦታና በምን ዓይነት ፓስ ተመታ የሚለው ግን የጓደኞቹ ሥራ ነው።

ላይኔ በቀኝ የሚመታ ተጫዋች ነው። ቤቱ ከጎሉ በስተግራ በረዶው ላይ የተሰመረው ክብ ነው። ጥሩ የገባ ጎሉን ቀስ አድርጋችሁ እዩት። አንዱ ዊንገር ጥግ ላይ ከተከላካይ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ፓኩን ከግድግዳው ሥር ይነጥቃል። ለሴንተሩ ይሰጣል። ሴንተሩ አይቸኩልም፤ ትንሽ ይዞት ይቆያል። በዚያች ቅጽበት የተከላካዮቹ ዓይን ሁሉ ፓኩ ላይ ነው። ላይኔ ከጀርባቸው ሸርተት ብሎ ክቡ ላይ ደርሷል፤ ስቲኩንም (መምቻ ዱላውን) አስቀድሞ አንስቷል። ፓሱ በረዶውን እየላሰ ይመጣል። ላይኔ ሳያቆም በአንድ ንክኪ ይመታዋል። በረኛው ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው መንሸራተት አለበት። አይደርስም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ አጥቂ አንድ ነጣቂና አንድ አቀባይ ይፈልጋል። ሁለተኛ መቺ አያስፈልገውም። ሁለት መቺ አንድ ላይ ካሰለፍክ ፓኩን ከጥግ የሚያወጣው ማን ነው?

ዊኒፔግ ይህን አንዴ አግኝቶት ነበር። በፌብሩዋሪ 2018 ፖል ስታስኒን ከሴንት ሉዊስ አመጣ። ስታስኒ ያኔ 32 ዓመቱ ነበር፣ ፈጣንም አልነበረም። ግን ያያል፣ ጠብቆ ያቀብላል። በሌላው ጎን ኒኮላይ ኤህለርስ አለ፤ እግሩ መብረቅ ነው፣ ፓኩን ከራሱ ሜዳ ይዞ ይገባል። ቡድኑ በዚያው ዓመት እስከ ምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ሄደ። ወቅቱ ሲያልቅ ስታስኒ ወደ ቬጋስ ሄደ። በ2020 ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ላይኔን በጃንዩወሪ 2021 ለኮሎምበስ ሰጡት። ይህን ሳስብ አሁንም ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ለምን ከዊኒፔግ ኮከቦች ከሺፍሌና ከዊለር ጋር አላጫወቱትም? ኮከብ ከኮከብ ጋር አይሻልም?

ወረቀት ላይ ያምራል። ብሌክ ዊለር በእነዚያ ሁለት ዓመታት 68 እና 71 አሲስት (ጎል የሆነ ፓስ) ያደረገ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ አቀባይ ማን ይጠላል? አሰልጣኙ ፖል ሞሪስ ግን ቦታውን በአብዛኛው ለካይል ኮነር ሰጠ። ኮነር ፈጣን ነው፣ ፓኩን አሳዶ ያመጣል። ላይኔ በ2019 አገሩ ሳለ ከምርጦቹ ጋር አለመሰለፉን ለጋዜጠኛ ተናገረ፤ ወሬው ዊኒፔግ ሲደርስ ጉድ ተባለ። እኔ ግማሹን እደግፈዋለሁ። የተሻለ ሴንተር ይገባው ነበር። ግን ፓክ የሚያሳድድ ሰው ከሌለበት ላይን ላይ እሱን መጨመር ችግሩን አይፈታም።

ጥያቄ፦ በታሪክ ምርጡ አቀባይ ለእንዲህ ያለ አጥቂ ማን ነው? ግሬትዝኪ እንዳትለን።

አልልም። አዳም ኦትስ። በ1990-91 በሴንት ሉዊስ ቡድን ብሬት ሃል አጠገቡ ሆኖ 86 አገባ። ኦትስ ቦስተን ሄደ፤ ጉልበቱ የተጎዳው ካም ኒሊ በ1993-94 በ49 ጨዋታ ብቻ 50 አገባ። ኦትስ ዋሽንግተን ሄደ፤ ፒተር ቦንድራ በ1997-98 52 አገባ።

ጥያቄ፦ የዋሽንግተኑ አጥቂ ኦቬችኪንስ?

እሱን ምሳሌ አታድርጉት። ከማንም ጋር ያገባል።

ጥያቄ፦ አጥቂው ሲደርቅበት ላይኑ ወዲያው ይቀየር?

መጀመሪያ ምቱን ቁጠር። ከለመደው ቦታ እንደ ድሮው እየመታ ከሆነ አትንካው፤ ይመለሳል። ምቱ ካነሰ፣ ወይም ከሩቅ ብቻ መምታት ከጀመረ፣ ፓኩ አልደረሰውም ማለት ነው። ያኔ አንድ ሰው ቀይር። ሁለቱን በአንዴ አትቀይር። በየጨዋታው ማመሳቀል ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ መቺ ፓሱ መቼ እንደሚወጣ ሳያውቅ ስቲኩን አስቀድሞ ሊያነሳ አይችልም።

ጥያቄ፦ ኤድመንተን ነው የምንኖረው። ልጄ 13 ዓመቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ሦስት ያገባል፣ ከዚያ ለሳምንታት ምንም። አሰልጣኙን ላናግር?

እህቴ፣ ስለ ጎሉ ከሆነ ይተዉት። ለጥቂት ጨዋታ ጎሉን ትተው ምቱን ይቁጠሩለት። ፓክ ሳይነካ የሚውል ከሆነ ያኔ አሰልጣኙን በትህትና ይጠይቁ፦ «ከማን ጋር ቢጫወት ፓክ ይደርሰዋል ብለው ያስባሉ?» ይህ ቅሬታ አይመስልም። መኪና ውስጥ ደግሞ ምክሩን ቀነስ ያድርጉለት። እኛ አበሾች ከሜዳ እስከ ቤት ያለውን መንገድ በምክር ነው የምንጨርሰው።

ጥያቄ፦ ላይኔ ሞንትሪያል ሄዶ በ2024-25 ካገባው 20 ጎል 15ቱ በፓወር ፕሌይ ነው። ይህ ምን ይነግረናል?

ፓወር ፕሌይ ላይ ተቃራኒው አንድ ሰው በቅጣት ወጥቶበታል። ቦታ ሰፊ ነው፣ የሚያሳድድም አያስፈልግም፤ ላይኔ ክቡ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ያን ዓመት የሚያቀብሉት ደግሞ ኒክ ሱዙኪና ሌን ሃትሰን ነበሩ። አምስት ለአምስት ሲሆን ግን ያ የተመቻቸ ቦታ የለም። ሱዙኪ አጠገብም በአብዛኛው የሚሰለፈው ኮል ኮፊልድ ነበር።