የሚፈርስ ሪአክተር ቆሻሻ እንዴት ይለካል? ጠይቁኝ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ጨረራ መለካት ነው። ውጭ አገር ስለሚፈርሱ የኑክሌር ማመንጫዎች (ኃይሉ የሚፈጠርበት ክፍል ሪአክተር ይባላል) ብዙ ስለምትጠይቁኝ፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሪአክተር ሲፈርስ ሁሉም ነገር አደገኛ ቆሻሻ ነው አይደል?

አይደለም። ትልቁ ክምር ተራ ኮንክሪትና ብረት ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ቆሻሻውን በ6 መደብ ከፍሎታል። ከቁጥጥር ነፃ ከሚሆነው ይጀምርና እስከ ከፍተኛው ይዘልቃል። ኮባልት-60 (ጨረራ የሚለቅ የኮባልት ዓይነት) ብቻ ያለበት ብረት ነፃ እንዲባል፣ በ1 ግራም ከ0.1 ቤክረል መብለጥ የለበትም፤ 1 ቤክረል ማለት በሰከንድ አንድ አተም ሲፈራርስ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ልጅ፣ ቡናችን ውስጥስ ጨረራ አለ ይባላል?

አለ እማማ፣ ግን አይስጉ። ቡና ፖታሲየም አለው፤ 1 ግራም ፖታሲየም ደግሞ 31 ቤክረል ገደማ ይዞ ነው የተፈጠረው። የእርስዎም የእኔም ሰውነት እንዲሁ ነው። ቡናዎን ይጠጡ።

ጥያቄ፦ ያ ጨረራ ሲያገኝ የሚጮኸው መሣሪያ አይበቃም?

አይበቃም። ጨረራ መኖሩን ይነግርሃል፤ ከምን እንደመጣ ግን አይነግርህም። ለዚያ በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ የጀርማኒየም መሣሪያ አለ። ስክሪኑ ላይ 1173 እና 1332 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረራው ጉልበት መለኪያ) ላይ ሁለት ሹል ጫፎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ኮባልት-60 ነው። 662 ላይ አንድ ጫፍ ከወጣ ሲዚየም-137 የተባለው ሌላ ጨረራ አመንጪ ነው።

ከባዱ የማይታየው ነው። ኒኬል-63 የተባለው ጨረራ አመንጪ ጋማ (ብረት አልፎ የሚወጣ ጨረራ) የለውም፤ የሚለቀው ቤታ የሚባል ደካማ ጨረራ ብቻ ነው፣ ቆሻሻው የታሸገበትን በርሜል አልፎ አይወጣም። እሱን ለማግኘት ብረቱን በአሲድ አሟሙቶ ኒኬሉን መለየት ያስፈልጋል። ይህን ለሺህ በርሜል ማን ይችለዋል? ስለዚህ ከጥቂት ናሙና ላይ የኒኬልና የኮባልት ጥምርታ ይወጣል። ከዚያ ኮባልቱን ከውጭ ለክተው ኒኬሉን ያሰላሉ።

የቡና ነጋዴ ጆንያ ወግቶ በአንድ እፍኝ ጭነቱን ሲገምት አይታችኋል። እፍኙ የሚያስተማምነው ጭነቱ ከአንድ ቦታ የመጣ ከሆነ ነው። የሊሙና የከፋ ቡና ከተደባለቀ አበቃ። በርሜሉም እንደዚያው ነው፤ የቧንቧውንና የሪአክተሩን ብረት በአንድ ጥምርታ ማስላት ትልቅ ስህተት ነው። እኔን ሁሌም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ 50 ዓመት ዘግተው ቢያቆዩት አይቀልም?

ለሠራተኛው ይቀላል። የኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ ፈራርሶ የሚያልቅበት ጊዜ) 5.27 ዓመት ስለሆነ፣ በ50 ዓመት ከ700 አንድ እጅ ገደማ ነው የሚቀረው። ኒኬል-63 ግን ግማሽ ዕድሜው 100 ዓመት ያህል ነው፤ 70 በመቶው እዚያው አለ። የሚታየው ጠፋ፣ የማይታየው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ጥምርታው የተወሰደበት ቀን ካልተጻፈ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ እኛ ሪአክተር የለንም፤ ምን አገባን?

ኮባልት-60 እኮ እኛም አገር አለ። የገንዲ በሽታን የሚያዛምተውን ዝንብ ወንዶቹን ለማምከን ቃሊቲ ላይ ተሠርቶበታል። የጊቤ ገበሬ ገንዲ ከብቱን ምን እንደሚያደርግበት ያውቃል። ምንጩ ሲያረጅ ያው መለካትና መመደብ ይመጣል።

ጥያቄ፦ በጣም የከፋው የት ይገባል?

አሜሪካ ውስጥ ሜይን ያንኪ የተባለው ማመንጫ ፈርሶ እ.ኤ.አ. በ2005 አልቋል። ቦታው ላይ 64 ግዙፍ የኮንክሪት ማስቀመጫዎች ቆመዋል። 60ው ያገለገለ ነዳጅ ይዘዋል። 4ቱ ውስጥ ያለው ነዳጅ አይደለም፤ ከሪአክተሩ ሆድ ተቆርጦ የወጣ ብረት ነው።